መሪ የነካው አስተማሪ

የሰውየው ቀኝ እግር ዕረፍት የለውም። ምሳ ሲበላ ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ይጫናል፣ ቴሌቪዥን ሲያይ ምንጣፉን ይጫናል፣ ተኝቶ እንኳ የአልጋውን ግርጌ እየገፋ ሚስቱን ያነቃታል። “አንተ ሰው፣ አልጋው ወዴት ሊሄድብህ ነው?” ትለዋለች። እሱ ቁርጥማት ነው ይላታል። ቁርጥማት የሚባል ነገር ግን በአጠገቡ አላለፈም፤ እግሩ የሚፈልገው ፍሬን ነው።

ሥራው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ጸጉሩ የሸበተው በዚሁ ሥራ ነው፤ ያልሸበተውም ከፍርሃት የተነሣ ረግፏል እያለ ይቀልዳል። በማሰልጠኛ መኪና የተቀመጠ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከአስተማሪው እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለ። መሪው ግን አንድ ነው፣ እሱም የተማሪው ነው። ተማሪው ቢሳሳት፣ ቢደነግጥ፣ ግንብ ሊሳለም ቢሄድ እንኳ አስተማሪ ፍሬን ይይዛል እንጂ መሪ አይነካም። ሁለት ሰው የያዘው መሪ የማንም አይደለምና። መሪ የነካ አስተማሪ በባልደረቦቹ ዘንድ ስሙ አይነሣም። ሰውየው ይህንን ለአዳዲስ አስተማሪዎች ሲያስረዳ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ “እኔ በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ መሪ ነክቼ አላውቅም” ይል ነበር። ይህንን ማለት ከተወ ከርሟል፤ ለምን እንደተወ ግን የጠየቀው የለም።

ከአደጋው ወዲህ ተማሪዎቹ እሱ በሌለበት “አባ ፍሬን” ይሉታል። እውነታቸውን ነው። ቅጠል ሲወድቅ ፍሬን፣ ውሻ ሩቅ ቆሞ ሲያዛጋ ፍሬን። አንድ ቀን ነፋስ ያነሣው ባዶ ፌስታል ከፊታቸው ሲያቋርጥ ሰውየው ባለ በሌለ ኃይሉ ፍሬኑን ረገጠው። መሪውን የያዙት ወፍራም ነጋዴ በአፍንጫቸው መሪው ላይ ተደፉ፣ ሸሚዛቸው ደም በደም ሆነ፣ ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጡሩንባውን አስጮኸ። “እኔ ምን አጠፋሁ?” አሉ ነጋዴው አፍንጫቸውን ይዘው። ምንም አላጠፉም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። ሰውየው መሐረቡን አውጥቶ አቀበላቸው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

የማሰልጠኛው ባለቤት ሴትዮ በነጋታው ቢሮ አስጠሩት። አብረው ያረጁ ናቸውና አልተቆጡትም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር። “ስማኝ፣ እግርህ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ሌላ ነው። እኔ የማውቃት አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ አለች። ወይ ሂድና ታከም፣ ወይ ቁልፉን አስቀምጥልኝ” አሉት።

አደጋው እንዲህ ነው። ከመኪናው መሪ ኋላ የነበረችው የሚስቱ ታናሽ እህት ናት፤ ፋርማሲ ከፍታ ሰው እያከመች እንኳ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ “ትንሿ” ነው የሚላት። እሱ ነበር የሚያስተምራት። ከከተማ ወጣ ባለ መንገድ ላይ ሲሄዱ፣ ሌላ መኪና ለመቅደም የወጣ የጭነት መኪና ፊት ለፊት መጣባቸው። መኪናቸው ወደ መንገዱ ዳር ተጠመዘዘና ጭነት መኪናው የትንሿን ወገን ገጭቶ ጨፈለቀው። ትንሿ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ብዙ ወራት ተኛች፤ አሁንም ታነክሳለች። እሱ ጭረት እንኳ አልነካውም። የትራፊክ ፖሊሱ ቦታውን ለክቶ፣ “መኪናው ወደ ዳር ባይወጣ ሁለታችሁም አልቃችሁ ነበር፤ ጎበዝ አስተማሪ ነህ” አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሚስቱ ዘመዶች ዘንድ የሱ ነገር ሌላ ሆነ። አማቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ “ልጄን ከሞት አፍ ያወጣት እሱ ነው” ይላሉ። የሚቀመጥበት ወንበር የተመረጠ ነው፣ የሚቀርብለት ሥጋ የተመረጠ ነው። እሱ ግን ምስጋናው በተነሣ ቁጥር አንገቱን ይደፋል፤ እነሱ ትሕትና ይመስላቸዋል።

የባለሙያዋ ክፍል ባለበት ሕንፃ፣ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ የጥርስ ሐኪም አለ። ሰውየው ይህንን ሲያይ ደስ አለው። “የአእምሮ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ” ብሎ ለሚስቱ ከሚነግር ጥርሱን በሙሉ ቢያስነቅል ይመርጣል። ስለዚህ ጥርሴን አመመኝ አለ። የቀጠሮው ቀን በደረሰ ጊዜ ጉንጩን በእጁ ደግፎ ይወጣል፣ የጥርስ ሐኪሙ በር ላይ ደርሶ ግራ ቀኙን ያያል፣ የሚያውቀው ሰው ከሌለ ቀሪውን ደረጃ እንደ ሌባ ይሮጠዋል።

ባለሙያዋ ከመጀመሪያ ልጁ ብዙ አትበልጥም። “ዶክተር” ሲላት “ዶክተር አይደለሁም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ” አለችው። “እሺ ዶክተር” አላት። በክፍሉ ውስጥ ሁለት ወንበር፣ አንድ ምንጣፍና የእንባ መጥረጊያ ሶፍት አለ። ከመስኮቱ በታች ጎሚስታ ስላለ የጎማ መንፊያው ድምፅ ይሰማል። ሕክምናው ሁለት ነገር እንደሆነ አስረዳችው። አንዱ መነጋገር ነው፤ የሆነውን ነገር ቀስ እያሉ መናገር። ሁለተኛው ልብ ማለት ነው፤ ሰውነት በዚህች ቅጽበት ምን እየሠራ እንደሆነ፣ ሳይፈርዱበትና ሳይሸሹ ማየት። “መናገሩ ሲከብድዎ ወደ ልብ ማለቱ እንመለሳለን። ሲረጋጉ ደግሞ እንናገራለን። አንዱ ያለ ሌላው ለእርስዎ አይሆንም” አለችው።

“ዓይንዎን መጨፈን ይችላሉ።”

“ዓይኑን የጨፈነ ሹፌር ዓይቼ አላውቅም።”

ሳቀች፤ ዓይኑን ገልጦ እንዲቀመጥ ፈቀደችለት። መጀመሪያ ትንፋሹን ልብ እንዲል ጠየቀችው። እሱ በልቡ፣ ለመተንፈስማ ምን አስተማሪ ያሻል፣ ከእናቴ ሆድ ስወጣ የተማርኩት ነው አለ። ግን ትንፋሹን ባደመጠ ቁጥር ደረቱ እየጠበበ፣ የተቃጠለ ጎማ እየሸተተው፣ የትንሿ ጩኸት በጆሮው እየመጣ ላብ አጠመቀው። ባለሙያዋ ወዲያው አስቆመችው። “ትንፋሹን እንተወዋለን፤ ለሁሉም ሰው አይስማማም። የውስጥ እግርዎ ወለሉን የነካበትን ቦታ ልብ ይበሉ። ግራው እንዴት ነው?”

“ግራው ደህና ነው።”

“ቀኙስ?”

ጎንበስ ብሎ አየ። ቀኝ እግሩ ምንጣፉ ውስጥ ሊገባ እስኪደርስ ወለሉን ተጭኗል፤ ባቱ እንደ ገመድ ተወጥሯል። የሱሪው ዚፕ ተከፍቶ በሰው ፊት የተያዘ ያህል አፈረ። ሊያነሣው ሲል “አያንሡት፣ አይቆጡት። መጫኑን ብቻ ልብ ይበሉለት” አለችው። ልብ አለው። እግሩ ለካ ደክሞታል። ከአደጋው ቀን ጀምሮ ያለ ፋታ ሲሠራ የኖረ እግር ነው። ትንሽ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ላላ፤ ሰውየው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ እንባው መጣ፣ እሱንም አፈረበት።

የሰው ነገር ይገርማል፤ ያቺን የፌዝ የምትመስል ነገር መኪና ውስጥም ይዟት ገባ። ተማሪ እየነዳ፣ እግሩ ሊረግጥ ሲነሣ ከመርገጡ በፊት ልብ ይለው ጀመር። ‘ተነሣህ? አየሁህ’ ይለዋል በልቡ። አንዳንዴ ይረግጣል፣ አንዳንዴ ይመልሰዋል። ወፍራሙ ነጋዴ ተመልሰው መጡ። “ዛሬ አፍንጫዬን ይዤው እገባለሁ” ቢሉትም በሰላም ነድተው በሰላም ወረዱ። ሰውየው ዳንኩ አለ።

መዳኑ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ነው። ባለሙያዋ የአደጋውን ቀን እንዲነግራት ጠየቀችው። እሱም ለሰው ሁሉ እንደሚያወራው አወራላት፤ የተሰበሰበውን ሰው፣ በሩን በብረት እንዴት እንደፈለቀቁት፣ ትንሿን አቅፎ እንዴት እንዳወጣት፣ ፖሊሱ ምን እንዳለ። ሰምታ ጨረሰችና፣ “ሁሌ ከግጭቱ በኋላ ነው የሚጀምሩት። አንዲት ደቂቃ ወደ ኋላ እንመለስ። በከበደዎ ጊዜ ወደ እግርዎ ይመለሱ፤ እኔ እዚሁ ነኝ” አለችው።

ተመለሱ። ጭነት መኪናው ብቅ አለ። እግሩን ልብ አለ። ትንሿ “ጋሼ!” አለች። እግሩን ልብ አለ።

“በዚያን ጊዜ እግርዎ ፍሬኑ ላይ ነበር?” አለችው።

ከታች ጎሚስታው ጎማ ይነፋል።

“አልነበረም። እግሬ አልተንቀሳቀሰም።”

“ምንዎ ተንቀሳቀሰ?”

“እጄ።” ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። “መሪውን ከእጇ ነጥቄ ሳብኩት። ወደ ራሴ ወገን። የሷን ወገን ለጭነት መኪናው ሰጠሁት። እኔ በሕይወቴ መሪ ነክቼ የማላውቅ ሰው ያን ጊዜ ነካሁ፤ ለራሴ ብዬ ነካሁ።”

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ሰውየው ብቅል ሳይቀምስ ነው ያወጣው፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ። ካወጣው በኋላ ደግሞ የሚገባበት ጠፋው። “ፖሊሱ ግን ሁለታችሁንም አዳነ ነው ያለው” አለ እንደ መማጸን። “ሊሆን ይችላል” አለች። “ፍሬን ይዤ ቢሆንስ?” “አላውቅም። እርስዎም ማወቅ አይችሉም። በዚያች ቅጽበት ሰውነት ሳያስብ ይሠራል፤ ለራስዎ ብለው ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም።” ይህ አላጽናናውም፤ ይልቁን አናደደው። “ታዲያ ምኔን አከምሽኝ? እግሬን ላሳክም መጥቼ ሆዴን ከፈትሽው” ብሏት ወጣ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ አልሄደም፤ ከዚያ ለሚቀጥለውም።

ቀጠሮ ባይሄድም ከቤት መውጣቱን አልተወም፤ ጉንጩን ይዞ ወጥቶ መንገድ ለመንገድ ይዞራል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ሚስቱ አንድ ቅዳሜ ከበሩ ላይ ያዘችው። “ና እስቲ ቁጭ በል። አፍህን ክፈት” አለችው። የስልኳን መብራት አብርታ ጥርሱን አንድ በአንድ አየች። ሁሉም በየቦታው አለ። መብራቱን አጠፋችና፣ “ማን ናት?” አለች።

ፊቱ ደም መሰለ። ሌላ ሴት እንደሌለችው፣ የአእምሮ ሕክምና እንደጀመረ፣ ስላፈረ እንደደበቃት እየተንተባተበ ነገራት። ሚስቱ መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች፣ ከዚያ አለቀሰች። “እኔ እኮ ይኼን ያህል ጊዜ ሾርባ የሠራሁልህ ሌላ ሴት ጋ እንድትሄድ ነው እያልኩ አንጀቴ ሲያር… ለዚህ ነው እንዴ የምታፍረው?” ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። “ደግ ስለሆንክ እኮ ነው የታመምከው። እህቴን አድነህ ራስህን ጎዳህ።”

ያን ጊዜ መናገር ይችል ነበር። አፉ ድረስ መጥቶለት ነበር። ዝም አይነቅዝም ብሎ ዋጠው። ሚስቱ ጸጉሩን እየዳበሰች እሱ በዚያ ደግነት ውስጥ ሲቃጠል ቆየ፤ ሰው በጥፊ ሲመታ እንጂ ሲዳሰስ እንዲህ ያፍራል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ትንሿ እሁድ ለምሳ መጣች። ፋርማሲ ቆማ መዋሏና አውቶቡስ መጋፋቷ እግሯን እየጎዳው ነው። “መንዳት መጨረስ አለብኝ። ግን ከጋሼ ጋር ካልሆነ መሪ አልይዝም። ሌላ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ አላምንም” አለች። ሚስቱ በደስታ እጇን አጨበጨበች። “ይህም መድኃኒት ነው፤ ለሁለታችሁም” አለች። ሰውየው ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። “እናያለን” አለ። “ምን እናያለን? ቅዳሜ ጠዋት!” አለች ሚስቱ፤ ነገሩ አለቀ።

ሐሙስ ዕለት የጥርስ ሐኪሙን በር ሳይገላመጥ አልፎ ወደ ላይ ወጣ። ባለሙያዋ ለምን ቀረህ አላለችውም። የትንሿን ነገር ነገራትና፣ “ልንገራት?” አለ።

“ቢነግሯት ለማን ብለው ነው?”

አሰበ። ሸክሙ እንዲቀልለት ብሎ ከሆነ፣ ለምታነክስ ልጅ ሸክም ማሸከም ነው። “እንግዲያው ዝም ልበላ” አለ፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ እንዳለበት ራሱም ሰማው።

“እሷ አጠገብዎ ተቀምጣ መኪና የምታስነሣው እርስዎን አምና ነው። የምታምነው ግን ያልሆነውን ነው። ይህንን ሳታውቅ መቀመጥ የምትፈልግ ይመስልዎታል?”

ኀፍረቱ ከአንገቱ ተነሥቶ ጆሮው ድረስ ሲግል ተሰማው። ባለሙያዋ እንዳይሸሸው ጠየቀችው፤ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚያቃጥል፣ እየቆየ ይጨምር ወይ ይቀንስ እንደሆነ ልብ እንዲል። ብዙ ቆዩ። ኀፍረቱ አልሄደም፤ እሱም አልሄደም። ሲወጣ እጇን ጨበጠና “አመሰግናለሁ ዶክተር” አላት። በዚህኛው ጊዜ አላረመችውም።

ቅዳሜ ጠዋት የልምምድ ሜዳው ባዶ ነበር። ትንሿ ክራንቿን ከኋላ ወንበር አስቀምጣ፣ ወንበሩን አስተካክላ፣ መስታወቱን አይታ፣ ቁልፉን ልታዞር እጇን ስትዘረጋ፣ “ቆዪ፣ አታስነሺው” አላት። ዓይኑን ከፊቱ መስታወት ላይ ሳያነሣ ነገራት። ፍሬን እንዳልያዘ፣ መሪውን ከእጇ ነጥቆ ወደ ራሱ እንደሳበው፣ ፖሊሱ ያለው እውነት ይሁን ውሸት እንደማያውቅ። ለምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደደነገጠ ሊያስረዳ ሞከረና ተወው። ሰበብ ሰበብ ሸተተው።

እጇ መሪው ላይ እንዳለ ነው።

“እኔ ነኝ የጠመዘዝኩት ብዬ ነበር” አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። “ስደነግጥ መሪውን ሳላውቅ ጠምዝዤ በራሴ ላይ ያመጣሁት እየመሰለኝ ስንት ሌሊት አለቀስኩ። አንተን ሳስበው ደግሞ፣ ባትኖር ሞቼ ነበር እላለሁ። ሆስፒታል ስትመጣ በሰው ሁሉ ፊት እጅህን ሳምኩ። ትዝ ይልሃል?”

“ይለኛል።”

“ዝም ብለህ አሳምከኝ።”

ኀፍረት ብሎ ሲጠራው የኖረው ነገር ሁሉ ለዚህ መለማመጃ ብቻ ኖሯል። የሳመችው ያ እጅ ጉልበቱ ላይ ተቀምጧል፤ የሚደብቅበት ቦታ አጣለት። በሩን ከፍቶ መሮጥ አማረው፤ ማማሩን ልብ አለ፣ ተቀመጠ።

“ውረድልኝ” አለች። “መንዳቴን አልተውም። ሌላ አስተማሪ አምጣልኝ።”

ወረደ። ሜዳውን አቋርጦ ወደ ቢሮው ሄደ። ቀጮው የሚሉት ባልደረባው ከማሰልጠኛው ባለቤት ሴትዮ ጋር ቆሞ ያወራል። “ትንሿን አንተ ይዘህልኝ ውጣ” አለው። ቀጮው ገረመው፤ “አንተ እያለህ? ምን ሆንክ ጋሼ፣ ታመምክ እንዴ?” አለ። ታመምኩ ማለት ይችል ነበር። ጥርሴን ማለትም ይችል ነበር።

“መሪ ነክቼባት ነው” አለ። “የአደጋው ቀን።”

ሴትዮዋ ያነሡትን ብርጭቆ መልሰው አስቀመጡ። ቀጮው ፊቱን ወደ መሬት አደረገ፤ ከአጠገቡ አልፎ ወደ መኪናው ሄደ። ለአስተማሪ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም፤ ያውም ሳይሰደብ።

ሰውየው ቤቱ ሊሄድ ይችል ነበር። ከሜዳው ጥግ ቆመ። ትንሿ መኪናውን አስነሣች፤ ሁለት ጊዜ ጠፋባት፣ በሦስተኛው ተንቀሳቀሰ። በፊቱ ስታልፍ አላየችውም። ዞረች፣ ደግሞ ዞረች፤ ጥግ ላይ ስትደርስ ትፈራለች፣ ግን መሪውን አትለቅም። ሲበቃት አጠገቡ አምጥታ አቆመችና መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ዓይኗ ቀልቷል።

“ለእህቴ ራስህ ንገራት” አለች። “እኔ አልነግርልህም።”

“እሺ” አለ።

መስኮቱን ዘጋች። ገና ከሜዳው ሳይወጣ ስልኩ ጠራ፤ ሚስቱ ናት። “እንዴት ሆናችሁ? ነዳች?” አለች፤ ደስታዋ ከድምፅዋ ይታወቃል።

“ነዳች። ጥሩ ነዳች” አላት። “እየመጣሁ ነው። የትም እንዳትሄጂ፣ የምነግርሽ አለ።”